ስለ ሂዊ ሎንግ አነሣሥና ስለ ሉዊዚያና ሕዝብ ብሶት
(በትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር ፊት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ አምባገነን መሪዎች ስንነጋገር ከአሥራ አንደኛ ክፍል አንድ ተማሪ እጁን አነሣና፥ «መምህር፤ አንድ ሰው ለድኻ ልጅ መጽሐፍ ከሰጠው፣ መንገድ ከሠራለት፣ ሐኪም ቤት ከከፈተለት፣ ሕግ ቢጥስ ድኻው ምን ቀረበት?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔን ግን ጥያቄው አላሳቀኝም። ለመመለስ አፌን ስከፍት ደወል ተደወለና፥ መምህር ሁሉ እንደሚያደርገው፥ «በሚመጣው ሳምንት» ብዬ ወጣሁ። በሚመጣው ሳምንትም አልመለስሁለትም። የክርክር ማኅበራችን ለዚህ ለትምህርት ቤታችን በዓል ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ ያ ያልተከፈለ ዕዳ ትዝ አለኝ። ዛሬ በወላጆችና በባልደረቦቼ ፊት ልከፍለው መጥቻለሁ።

ሕዝብ ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ በጠቅላላው መናገር እችል ነበር፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ንግግር ጆሮ ነክቶ ያልፋል እንጂ አያድርም። ስለዚህ አንድ አገርና አንድ ሰው መረጥሁ። አገሩ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ የሚገኘው የሉዊዚያና ግዛት ነው፤ ሰውዬው ሂዊ ሎንግ ይባላል። ይህ ሰው ለተማሪዎች በነጻ መጽሐፍ ያደለ በመሆኑ የተማሪያችንን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል። ደግሞም አልደብቃችሁም፤ ስለ እርሱ ማንበብ ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም ልወደው ወይም ልጠላው እንደሚገባኝ እስካሁን አልቈረጥሁም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሉዊዚያና ታላቁ የሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት አገር ነው። መሬቱ ጥጥ፣ ሸንኮራ አገዳና ሩዝ ያበቅላል፤ ደኑ ብዙ ነው፤ ከ1901 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ ዘይት ወጥቶበታል። እንዲህ ባለ አገር ድኻ ይበዛል ብሎ የሚገምት ሰው የለም። ነገር ግን ለአብዛኛው ሕዝብ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ነበር። ዘይቱን የሚያጣራውና የሚሸጠው ከሁሉ ይልቅ ስታንዳርድ ኦይል የተባለው ኩባንያ ነበር። ሰፋፊውን እርሻ ጥቂት ባለ ርስቶች ይዘውታል። ትልቁን ከተማ ኒው ኦርሊንስን ደግሞ አንድ የቈየ የፖለቲካ ማኅበር እንደ ግል ቤቱ ያዝበት ነበር። እነዚህ ሦስቱ ሁልጊዜ ባይዋደዱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ግብር ዝቅተኛ ይሁን፣ መንግሥትም ብዙ አይሥራ።

ውጤቱን ተመልከቱ። በ1928 በግዛቱ በሙሉ የነበረው በሲሚንቶ የተሠራ መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሉዊዚያና ምድር በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ አንድ ድልድይ እንኳ አልነበረም፤ ሰውም ጋሪም አውቶሞቢልም በጀልባ እየከፈለ ይሻገራል። ማንበብና መጻፍ የማያውቀው ሕዝብ ብዛት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ገበሬ መጽሐፉን ከኪሱ ይገዛል፤ አምስት ልጆች ያሉት ገበሬ ደግሞ ሁለቱን ይልክና ሦስቱን ከጥጡ ማሳ ያስቀራል።

«ታዲያ ለምን በምርጫ አላስወገዳቸውም?» ትሉ ይሆናል። በ1898 የወጣው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ይህን በር በደንብ ዘግቶት ነበር። መምረጥ የሚሻ ሰው በየዓመቱ አንድ ዶላር ከፍሎ የሁለት ዓመት ደረሰኝ ማሳየት፥ ማንበብ መቻሉን ወይም ንብረት ያለው መሆኑን ማስመስከር አለበት። ይህ ሕግ በመጀመሪያ የታሰበው ጥቁሮችን ለማስወጣት ነበር፤ አስወጣቸውም። ከሕጉ በፊት በመራጭነት ከተመዘገቡት 130 ሺህ ያህል ጥቁሮች በ1900 የቀሩት 5 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። ነገር ግን አንድ ዶላር ጥሬ ገንዘብ ማግኘት የሚቸግረው ነጭ ገበሬም በብዙ ሺህ ተቈጥሮ አብሮ ወጣ። ጎረቤቱን ለማስወጣት የተሠራው በር በራሱ ላይ ሲዘጋ ዝም ብሎ አየ። እኔ እንደሚመስለኝ ድኽነት ብቻውን ሕዝብን ለእንግዳ መሪ አያሳልፈውም፤ ድኻ ትዕግሥተኛ ነው። የሚያሳልፈው ሀብቱን በዓይኑ እያየ በሩ የተዘጋበት መሆኑን ያወቀ ዕለት ነው።

ሂዊ ሎንግ በ1893 ዊንፊልድ በምትባል የሰሜን ሉዊዚያና ትንሽ ከተማ ተወለደ። ያ አውራጃ ከጥንት ጀምሮ እንቢተኛ ነበር። በ1861 የደቡብ ግዛቶች ከአሜሪካ አንድነት ሲገነጠሉ የዊን ወኪል በመገንጠሉ ላይ ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ፤ በ1912 ምርጫም ከመራጩ ሲሶ በላይ ለሶሻሊስቱ ዕጩ ሰጥቷል። ሎንግ በኋላ በየመድረኩ የድኻ ልጅ እንደ ነበረ ቢናገርም ቤተ ሰቡ በዚያ አገር ሚዛን ደኅና ኑሮ ነበራቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ላቁምና፥ የሕዝብ ወገን ነኝ የሚል ሁሉ የጎጆውን ጣሪያ ዝቅ አድርጎ መናገር ይወዳል፤ ይህ የሎንግ ብቻ ጠባይ አይደለም።

በወጣትነቱ እየዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ከጥጥ ፍሬ የተሠራ የምግብ ማብሰያ ስብ ይሸጥ ነበርና፥ ቤት ለቤት እየሄደ ለባልቴቶቹ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ የዐሣማ ስብ የተከለከለ መሆኑን ያነብላቸዋል። አልገዛም ካሉትም ራሱ ወጥ ቤት ገብቶ ኬክ ይጋግራል። የሰውን ልብ መክፈት የተማረው እዚያ ነው። ከዚያም አንድ ዓመት ያህል ብቻ ሕግ ተምሮ ፈተናውን አለፈና በሃያ አንድ ዓመቱ ጠበቃ ሆነ። በ1918 የባቡርና የመሳሰሉትን ኩባንያዎች ዋጋ ለሚቈጣጠረው ኮሚሲዮን ተመረጠ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ የቴሌፎን ኩባንያው ያለ አግባብ ከፍ ያደረገውን ዋጋ አስቀንሶ 80 ሺህ ያህል ደንበኞች ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው አደረገ። ከባለ ሥልጣን እጅ ገንዘብ ተመልሶ ሲመጣ ሕዝቡ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም።

በስታንዳርድ ኦይል ላይ የነበረው ጥላቻ ግን ሁሉም ለሕዝብ አዝኖ አልነበረም። ሎንግ በትንንሽ የዘይት ኩባንያዎች ውስጥ ድርሻ ነበረው፤ ትልቁ ኩባንያ የእነዚህን ዘይት በቧንቧው አላሳልፍም ባለ ጊዜ ገንዘቡን አጣ። የግል ቂምና የሕዝብ በደል በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሲገናኙ የትኛው የትኛውን እንደሚነዳ ባለቤቱም አያውቀው።

በ1924 ለአገረ ገዥነት ተወዳደረና ሦስተኛ ወጣ። የምርጫው ዕለት ዝናብ ነበርና የገጠሩ መንገድ ጭቃ ሆኖ ደጋፊዎቹ ብዙዎቹ መምጣት አልቻሉም። መንገድ እሠራለሁ ያለ ሰው መንገድ ባለመኖሩ ወደቀ።

በመካከሉ የ1927 ጎርፍ መጣ። ይህን ነገር በችኰላ አላልፈውም፤ ከሁሉ ይልቅ የዚያን ዘመን መንፈስ የሚያሳይ ነውና። በዚያ ዓመት ጸደይ ሚሲሲፒ ሞልቶ የአፈር ግድቦቹን በየቦታው እየሰበረ በሰባት ግዛቶች ላይ ፈሰሰ፤ ከ600 ሺህ በላይ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። የኒው ኦርሊንስ ባንከኞችና ትልልቅ ነጋዴዎች ውኃው ከተማቸውን እንዳያጥለቀልቅ ፈሩ። መክረውም ከከተማው በታች ባለው ካርናርቮን በሚባለው ስፍራ ግድቡ በደማሚት እንዲፈርስና ውኃው በሌሎች ሰዎች አገር ላይ እንዲለቀቅ የአገረ ገዥውን ፈቃድ አገኙ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደማሚቱ ተቀበረና ግድቡ ፈረሰ። 10 ሺህ ያህል ሕዝብ፥ አብዛኛው ዓሣ አጥማጅና ለቈዳ አውሬ የሚያድን ድኻ፥ ቤቱን ትቶ ወጣ። ካሣ እንደሚከፈለው ቃል ተገብቶለት ነበር፤ ለብዙዎቹ ግን ምንም ወይም ምናምን ደረሳቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ ወዲያው ከላይ ያሉት ግድቦች በራሳቸው ስለ ተሰበሩ ደማሚቱ ፈጽሞ አላስፈላጊ እንደ ነበረ ታወቀ።

ጎርፉ ብቻውን ሎንግን አስመረጠው አልልም። ነገር ግን ጥቂት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የማንን ቤት ውኃ እንደሚወስደው መወሰን እንደሚችሉ ሕዝቡ ሁሉ አየ። «የተጠማ ከፈሳሽ፥ የተበደለ ከነጋሽ» ይባላል፤ ንጉሡ ራሱ በዳይ ከሆነ ግን የተበደለው ወዴት ይሄዳል? ወደ እንግዳው ይሄዳል።

እንግዳውም ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። በምርጫው ዘመቻ ጊዜ ሴንት ማርቲንቪል በምትባለው ከተማ ኢቫንጀሊን የተባለችው የአፈ ታሪክ ልጃገረድ ውዷን ጠብቃበታለች በሚባለው ትልቅ የወርካ መሰል ዛፍ ሥር ቆመና፥ እርሷ አንድ ሰው ስትጠብቅ እንዳለቀሰች፥ እናንተ ግን ለልጆቻችሁ ትምህርት ቤት፣ ለምርታችሁ መንገድ፣ ለሕመምተኞቻችሁ ሐኪም ቤት ስትጠብቁ ስንት ትውልድ አለቀሳችሁ የሚል ንግግር አደረገ። ቀድሞ የነበሩት ፖለቲከኞች ከሕዝቡ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ነበር፤ ይህ ሰው ግን ገበሬው በልቡ ሲያጉተመትም የኖረውን በአደባባይ ተናገረለት። በጥር 1928 ከመቶ 44 ያህል ድምፅ አገኘ፤ ተወዳዳሪዎቹም ለቀቁለት። በሠላሳ አራት ዓመቱ አገረ ገዥ ሆነ።

አሁን ወደ መጽሐፉ እመጣለሁ። ሎንግ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ከዘይት፣ ከጋዝና ከእንጨት በሚወሰድ ግብር ለተማሪ ሁሉ የትምህርት መጽሐፍ በነጻ እንዲታደል የሚያደርግ ሕግ ማውጣት ነበር። ሉዊዚያና ውስጥ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ መንግሥት ደግሞ በዚያን ጊዜ የሃይማኖት ትምህርት ቤት መርዳት አይችልም ነበር። ሎንግ ዘዴ ፈጠረ፤ መጽሐፉ ለልጁ ነው እንጂ ለትምህርት ቤቱ አይደለም አለ። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1930 ተፈረደለት። የሽሪቭፖርት ከተማ የትምህርት ሹማምንት ደግሞ እኛ ሀብታሞች ስለ ሆንን ምጽዋት አንቀበልም ብለው እንቢ አሉ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በዚያ ከተማ አጠገብ የአውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ፈልጎ መሬቱን ለመስጠት የግዛቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሎንግ፥ መጽሐፍ መግዛት የማያቅተው ከተማ የአውሮፕላን ማረፊያም አያስፈልገውም ብሎ መሬቱን ያዘባቸው። መጽሐፉን ተቀበሉ።

ተማሪዎች ስትስቁ እሰማለሁ፤ እኔም መጀመሪያ ያነበብሁት ዕለት ሥቄ ነበር። እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ለአምስት እንካፈል ነበር። ተራዬ ዓርብ ማታ ነበር፤ ፈተና ሰኞ ከሆነ ዕድለኛ ነኝ፥ ሐሙስ ከሆነ ግን ወዮልኝ። በዚያን ጊዜ እንደ ሎንግ ያለ ሰው ወደ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ለያንዳንዳችን አንዳንድ መጽሐፍ ቢያድለን ኖሮ መዳፌ እስኪላጥ ባጨበጨብሁ ነበር፤ በየትኛው ሕግ እንደ ተገዛም አልጠይቀውም። ስለዚህ ያን ተማሪ የሣቃችሁበት ሁሉ ጥያቄው የእኔም እንደ ነበረ ዕወቁ።

መጽሐፉ ብቻም አይደለም። ለጐልማሶች የማታ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው ማንበብና መጻፍ ተማረ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። በሰባት ዓመት ውስጥ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ጠንካራ መንገድ ተሠራ፤ ያለ ክፍያ የሚታለፍባቸው ድልድዮች ተሠሩ፤ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቍጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ በ1931 የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1934 ደግሞ ለመምረጥ የሚከፈለው ዶላር ተሰረዘ። ከዚህ ጋር ግን መናገር ያለብኝ፥ ጥቁሮች በሌሎቹ መሰናክሎች ምክንያት ከምርጫ ውጭ እንደ ነበሩ ቀሩ፤ የተለያየውንም ትምህርት ቤት ሎንግ አልነካውም። የሕዝብ ወገን ነኝ የሚል ሰው ሕዝብ የሚለው ማንን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያስፈልጋልና በ1929 ሎንግ በተጣራው ዘይት ላይ በበርሜል አምስት ሳንቲም ግብር ሊጥል ተነሣ። ያን ጊዜ ጠላቶቹ ሁሉ ተባብረው ተነሡበት። በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ከሥልጣን ሊያስወግዱት ሲከራከሩ የድምፅ መቍጠሪያው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ተሳሳተና አባሎቹ ተንኰል የተሠራባቸው መስሏቸው በወንበርና በቡጢ ተደባደቡ። ምክር ቤቱ በስምንት ክስ ከሰሰው። ከክሶቹ አንዳንዱ ከንቱ ነበር፤ አንዳንዱ ግን፥ ለምሳሌ የምክር ቤት አባሎችን በጥቅም ስለ መግዛት የቀረበው፥ እውነትነት ነበረው። ለመፍረድ ከ39ኙ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች ሁለት ሦስተኛው ያስፈልጋል። ሎንግ አሥራ አምስቱን፥ ማስረጃው ምንም ቢሆን አንፈርድበትም ብለው በወረቀት ላይ እንዲፈርሙ አደረገ። ፍርዱ በዚያው ቀረ። ፈራሚዎቹም በኋላ ሹመትና ልዩ ልዩ ጥቅም አላጡም።

እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ዋናው መታጠፊያ ይህ ይመስለኛል። የሎንግ ባላጋራዎች ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሕግን የራሳቸው አጥር አድርገው ስለ ኖሩ፥ ሕግ የሚፈለግበት ቀን ሲመጣ ገበሬው አላመናቸውም። ክሱ ትክክል ቢሆንም ከሳሾቹ የታወቁ ነበሩ። ሎንግም ያችን ዕለት አልረሳትም፤ ሁለተኛ ማንም ሊከሰው እንዳይችል ማድረግ ሥራው ሆነ።

ከዚያ በኋላ የግዛቱ ሠራተኛ ሁሉ ከደመወዙ ከመቶ አምስትም አሥርም እየተቀነሰ ለሎንግ ፖለቲካ ይከፍል ጀመር። ገንዘቡ በአንድ ሣጥን ይቀመጣል ይባል ነበር፤ ሣጥኑ እርሱ ከሞተ በኋላ የት እንደ ገባ አልታወቀም። በ1930 ለአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቢመረጥም ምክትሉ ጠላቱ ስለ ነበረ እስከ ጥር 1932 ድረስ የአገረ ገዥነቱን ወንበር አልለቀቀም። ሲለቅም ኦስካር አለን የሚባል የልጅነት ወዳጁን አስቀመጠ። ስለ አለን ሲቀልዱ አንድ ቀን የዛፍ ቅጠል በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ቢያርፍ ፈረመበት ይሉ ነበር። ሎንግ ራሱ ቀልደኛ ነበረና ሕዝቡም ጋዜጠኛውም ይስቅለታል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በዚህ ጊዜ የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት መላውን አሜሪካ አድቅቆት ነበር። ከውድቀቱ በፊት በ1928 ከአገሪቱ ገቢ ሩብ ያህሉን የሚወስደው ከመቶ አንዱ ሰው ነበር፤ አሁን ደግሞ ሚሊዮኖች ሥራ ፈት ሆነው ለዳቦ ይሰለፋሉ። ሎንግ በየካቲት 1934 በራዲዮ «ሀብታችንን እንካፈል» የሚለውን ማኅበሩን አወጀ። የትልልቆቹ ሀብት ይወሰን፣ ለያንዳንዱ ቤተ ሰብ 5 ሺህ ዶላር ያህል መነሻ ይሰጥ፣ ለሽማግሌዎች ጡረታ ይኑር የሚል ነበር። ሒሳቡ እንደማይደርስ የኢኮኖሚ ዐዋቂዎች አስረዱ፤ ሕዝቡ ግን ሒሳብ አልጠየቀም። በ1935 ማኅበሩ 27 ሺህ ክበቦች እንዳሉት ይነገር ነበር፤ ይህን ያሉት የሎንግ ሰዎች ስለ ሆኑ ቍጥሩን በጥንቃቄ ተቀበሉት። የሆነ ሆኖ የፕሬዚዳንት ሮዝቬልት ሰዎች በምስጢር አስጠንተው ሎንግ በ1936 ቢወዳደር ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ድምፅ ሊወስድ እንደሚችል ተረዱ። በዚያው ዓመት በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግና በሀብታሞች ላይ ግብር የሚጨምር ሕግ ወጡ። እነዚህ ሕጎች በሎንግ ምክንያት ብቻ ወጡ አይባልም፤ እርሱን በመፍራት አልተፋጠኑም ማለትም አይቻልም። መልካም መንግሥት እንግዳውን የሚያሸንፈው በመሳደብ ሳይሆን የሕዝቡን ጥያቄ ከእጁ በመውሰድ እንደ ሆነ እዚህ ላይ እናያለን።

በሉዊዚያና ግን ነገሩ እየከፋ ሄደ። ከነሐሴ 1934 ጀምሮ በተከታታይ በተጠሩ ልዩ ጉባኤዎች ሕግ እንደ ዳቦ ይጋገር ነበር፤ አባሎቹ ሳያነቡት ይወሰናል። የከተሞች ፖሊስ፣ የምርጫ አስፈጻሚዎች፣ የግብር ገማቾች በግዛቱ መንግሥት እጅ ገቡ። ባልደረቦቼ ይህን ስሙ፤ የያንዳንዱ መምህር ቅጥር እንኳ ከዋናው ከተማ ፈቃድ የሚፈልግ ሆነ። የተቃወሙትን ትልልቅ ጋዜጦች ለማዳከም በማስታወቂያ ገቢያቸው ላይ ከመቶ ሁለት ግብር ተጣለ። ግብሩ የሚነካቸው 13 ጋዜጦች ሲሆኑ 12ቱ የእርሱ ተቃዋሚዎች ነበሩ። ይህን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1936 ሻረው።

አሁን ያን ተማሪ በተለይ እንዲያዳምጠኝ እፈልጋለሁ። የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ የሎንግ ኵራት ነበር፤ ሙዚቃ ቡድኑን ራሱ እየመራ በሰልፍ ይሄድ፥ የእግር ኳስ ተጫዋቾቹንም ይመክር ነበር። በኅዳር 1934 በቀልድም በቁም ነገርም ከዩኒቨርሲቲው ተጫዋቾች አንዱን የግዛቱ የሕግ መወሰኛ አባል አስደረገው። አንድ ተማሪ ይህን የሚነቅፍ ደብዳቤ ለተማሪዎቹ ጋዜጣ ላከ። ጋዜጣው «ሬቪሊ» ይባላል። ሎንግ ይህን ሲሰማ ማተሚያው እንዲቆም አዘዘ፤ ከዚያ ወዲያ ጋዜጣው ሳይመረመር እንዳይወጣም ተደረገ። ተማሪዎቹ አንመረመርም አሉ። ከተቃዋሚዎቹ አብዛኞቹ ይቅርታ ጠይቀው ተመለሱ፤ ሰባቱ ግን እንቢ ስላሉ ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። ትምህርታቸውን የጨረሱት በሌላ ግዛት በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ነው።

መምህር የመሆን ጠባይ ነው መሰለኝ፥ ስለ ሎንግ ሳስብ ከጥይቱና ከሣጥኑ ይልቅ እነዚህ ሰባት ልጆች ይመጡብኛል። ይህ ያሁኑ መጽሔታችን የተማሪ ጽሑፍ ያለበት መሆኑንም አስባለሁ። ልጆቹ ባለ ርስቶች ወይም የዘይት ኩባንያ ጠበቆች አልነበሩም፤ ሎንግ ባሰፋው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚማሩ ወጣቶች ነበሩ። ማንበብ እንዲስፋፋ የደከመ ሰው የተነበበውን መጻፍ ከለከለ።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። መስከረም 8 ቀን 1935 ማታ፥ ሎንግ ራሱ ባሠራው በባተን ሩዥ ባለ 34 ፎቅ የምክር ቤት ሕንፃ ኮሪዶር ውስጥ በጥይት ተመታ። የተመታው ካርል ዋይስ በሚባል ወጣት ሐኪም እጅ እንደ ሆነ ይታመናል፤ የዚህ ሐኪም አማት ዳኛ ነበሩና በዚያ ሰሞን በሚወጣ ሕግ ወንበራቸውን ሊያጡ ነበር። ጠባቂዎቹ ሐኪሙን እዚያው በጥይት በሳሱት። ሎንግ ከሁለት ቀን በኋላ በአርባ ሁለት ዓመቱ ሞተ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ፥ ብዙው በአዲሱ መንገድ ከገጠር የመጣ፥ ቀበረው። መቃብሩ በዚያው ሕንፃ ፊት ለፊት ነው።

እርሱ ሲሞት የተከላቸው ሰዎች ቀሩ። የሚከሳቸው ምክር ቤት፣ የሚነቅፋቸው ሹም፣ የማይፈራቸው መምህር እንዳይኖር ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶላቸዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የሰሙ ይመስል ያለ ሐፍረት በሉ። በ1939 ነገሩ ፈነዳና አገረ ገዥው ሪቻርድ ሌሽ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በኋላም ታሠረ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጄምስ ስሚዝም ወኅኒ ገባ። የተበላው ገንዘብ ለመጽሐፍና ለመንገድ ይውል የነበረው ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄህ ያለኝን ልስጥህ። ሕግ ሲጣስ ለድኻው ምን ቀረበት ብለህ ነበር። መጽሐፉ አልቀረበትም፤ መንገዱም አልቀረበትም፤ ሁለቱም ከሎንግ በኋላ ኖረዋል። የቀረበት፥ ነገ ሌላው ሲበላበት «ተው» የሚልበት ቦታ ነው። ዳሩ ግን ይህን መልስ ስሰጥህ ሙሉ ልቤ አያርፍም። ምክንያቱም ያ ቦታ ከሎንግ በፊትም ለድኻው አልነበረውም፤ ደማሚቱን የቀበሩት ሰዎች ፈቃድ ያገኙት በሕግ ነበር። ሎንግን ስንወቅስ እነዚያን ከተውናቸው ግማሽ ታሪክ አስተማርን ማለት ነው። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያውን ጥፋት ለእነዚያ እሰጣለሁ፤ ባለ ዕዳው ባይዘገይ ኖሮ ቀማኛው በር አያንኳኳም ነበር። ከባልደረቦቼ አንዱ ይህን ስነግረው ለአምባገነን ጥብቅና ቆምህ ብሎኛል፤ እርሱም ዛሬ በመካከላችን ስላለ መቃወሙን ራሱ ይናገር።

ሰዓቱ ሄዷል፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ሰዓቱን እያየ ነው። የጠየቀኝ ተማሪ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ አየዋለሁ፤ ራሱን እየነቀነቀ ነው፤ በመስማማት ይሁን በመቃወም አልለየሁትም። ስለዚህ መድረኩን መጀመሪያ ለእርሱ እለቅቃለሁ።